«ዛው» አንተ ነው ወይስ እርስዎ? ስለ ቆዩ የእንግሊዝኛ ቃላት ጥያቄና መልስ

ስለ ቆዩ የእንግሊዝኛ ቃላት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1611 ከታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው። ደስ ብሎኛል፤ እኔም እነዚህን ቃላት የወደድኳቸው እዚያው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንግሊዞች ሲጸልዩ እግዚአብሔርን «ዛው» የሚሉት ለአክብሮት ነው አይደል? እርስዎ እንደማለት?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። «ዛው» አንተ ወይም አንቺ ነው። «ዪ» እና «ዩ» ደግሞ እናንተ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ፤ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋም ፈረንሳይኛ ሆነ። ፈረንሳዮች የሚያከብሩትን ሰው በብዙ ቁጥር ነው የሚጠሩት። እንግሊዞችም ልማዱን ተቀበሉ። «ዩ» አንቱታ ሆነ፣ «ዛው» ለልጅ፣ ለወዳጅና ለአገልጋይ ቀረ። ውሎ አድሮ አንቱታው ለሁሉም ተዳረሰና አንተና አንቺ ጠፉ። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጁንም ንጉሡንም የሚጠራው በዚያው በ«ዩ» ነው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ግን ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ዳኛውንም ሹሙንም «ዛው» ይሉ ነበር። በዚህ የተደበደቡ አሉ። አንዲት ትንሽ ቃል ይህን ያህል ክብደት ነበራት።

ወደ ጸሎቱ ስንመለስ፣ እኛስ «ስምህ ይቀደስ» እንላለን እንጂ «ስምዎ» እንላለን? እነሱም እንደዚሁ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ኪንግ ጀምስ ላይ ኢየሱስ «ሳፈር» ብሎ ስለ ሕፃናት ሲናገር አንብባ፣ «ሕፃናት ይሠቃዩ» ያለ መስሏት ደነገጠች። ምን ልበላት?

መልስ፦ እቅፍ አድርገው ያረጋጉልኝ። ሥሩ ላቲን ነው፤ ከሥር ሆኖ መሸከም ማለት ነው። ሸክም የያዘ ሰው ይጨነቃል፤ መሠቃየት የሚለው ፍቺ ከዚህ መጣ። የሚሸከም ሰው ደግሞ ይችላል፣ ይታገሣል፣ ይተዋል። መፍቀድ የሚለው ከዚህኛው ነው። የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ሕፃናትን ተዉአቸው» ይላል፤ ቁርጥ ትርጉሙ ይሄ ነው።

እኔን የሚያሳስቡኝ እንዲህ ያሉት ቃላት ናቸው። የማናውቀው ቃል ሲገጥመን መዝገበ ቃላት እንገልጣለን። የምናውቀው የሚመስለንን ግን ዝም ብለን እናልፈዋለን። «ፕሪቨንት»ን ውሰዱ፤ ዛሬ መከላከል ነው፣ ያኔ መቅደም ነበር። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች «ያንቀላፉቱን አንቀድምም» ያለውን በዛሬው ፍቺ ብታነቡት ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ «ክዊክ» ፈጣን አይደለም እንዴ? ታዲያ «በክዊክና በሙታን ይፈርዳል» ምን ማለት ነው?

መልስ፦ በሕያዋን ነው። የቃሉ የመጀመሪያ ፍቺ ሕያው ነበር። ሕይወት ያለው ይንቀሳቀሳል፤ ፍጥነቱ በኋላ የመጣ ነው። ጥፍር ሥር ያለው፣ ሲነካ የሚያመው ሥጋ ዛሬም «ክዊክ» ይባላል።

ጥያቄ፦ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 2 ላይ የ«ሚት» ቁርባን ይላል። ሥጋው የታለ?

መልስ፦ የለም። ዱቄት፣ ዘይት፣ ዕጣንና ጨው ነው። «ሚት» ዛሬ ሥጋ ነው፤ ያኔ ግን ማንኛውም ምግብ ነበር። የአማርኛው «የእህል ቁርባን» ይበልጥ ግልጽ ነው።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝ ሱቆች ላይ «ዪ ኦልድ» (አሮጌው እንደማለት) የሚል ጽሑፍ አያለሁ። «ዪ» እናንተ ከሆነ ምን አገባው?

መልስ፦ ያኛው «ዪ» ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ድሮ ቶርን የምትባል ፊደል ነበረችው፤ ድምፅዋ «ዘ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል (the) መጀመሪያ የምንሰማው ነው። ማተሚያ ሲመጣ ፊደላቱ ከአውሮፓ ምድር ስለተገዙ ቶርን አልነበረችባቸውም። በእጅ ጽሑፍ ዋይ ወደምትባለዋ ፊደል ስለተጠጋች አታሚዎች ዋይን ተኩባት። የዚያ ዘመን አንባቢ ግን «ዘ» ብሎ ነው የሚያነበው።

ጥያቄ፦ «ሎርድ» (ጌታ) ከየት መጣ?

መልስ፦ ከዳቦ። «የዳቦ ጠባቂ» ከሚል ጥምር ቃል ነው። «ሌዲ» (እመቤት) ደግሞ ዳቦ አቡኪዋ ናት። ሥራን «እንጀራዬ» ለሚል ሰው ይሄ አይገርመውም።

ጥያቄ፦ ከሁሉም የሚወዱት ቃል የትኛው ነው?

መልስ፦ «ጎሲፕ»። ዛሬ ሐሜት ነው። ጥንት ግን «ጎድ-ሲብ» ነበር፤ በእግዚአብሔር የሆነ ዘመድ። የእኛ አበልጅ ማለት ነው፣ አንድ ለአንድ! በጥንቷ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያንም እንደ እኛ አበልጆች አይጋቡም ነበር። ከዚያ ቃሉ ወደ ቅርብ ወዳጅ ሰፋ፤ በተለይ አንዲት እናት ስትወልድ ዙሪያዋን የሚከቧት ሴቶች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። አራስ ቤት ያለውን ጨዋታ ታውቁታላችሁ። ቀስ እያለ ስሙ ለወሬኛ ሰው ተሰጠ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ወሬው ራሱ «ጎሲፕ» ተባለ። በእነዚያ ሴቶች ላይ የተሠራ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ምጥ ላይ ያለችን ሴት እጅ ይዘው ያደሩት እነሱ ናቸው።