የቧንቧው መስመር ሰው ቤት ላይ ሲያልፍ፦ የጂአይኤስ (የኮምፒውተር ካርታ ሥራ) ጥያቄ ከጎንደር

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ማራኪና አዘዞ ያሉትን የቦኖ ውሃዎች በእጅ ጂፒኤስ ይዤ ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ አስገባሁ። ነጥቦቹ ሳተላይት ምስሉ ላይ ቦታቸውን ይዘዋል። በፍላሽ የተሰጠኝ የቧንቧ መስመር ግን መንገዱን ትቶ ሰው ቤት ላይ ነው የሚያልፈው። ጎትቼ ላስተካክለው? በኤክሴል የመጡልኝ ሌሎች ነጥቦች ደግሞ ጭራሽ ጎንደር የሉም፣ ባሕር ውስጥ ናቸው። የሰፈሮቹ ስምም የጥያቄ ምልክት ሆኖብኛል።»

እህቴ፣ መጀመሪያ እጅሽን ከማውሱ ላይ አንሺ። መስመሩን አትጎትቺው። ተጎትቶ የተስተካከለ ፋይል ስክሪን ላይ ያምራል። ነገ ሌላ ባለሙያ ከዋናው ጋር ሲያስተያየው ግን የትኛውን እንደሚያምን አያውቅም። በዚያ ካርታ ተመርቶ የሚቆፍረው ሠራተኛ ደግሞ የሰው ግቢ ነው የሚቆፍረው። ካርታ ላይ የምናደርገው ነገር መሬት ላይ ይወርዳል።

ይልቅ አንድ ነገር ለኪልኝ። መስመሩ ላይ በደንብ የሚለይ መታጠፊያ ፈልጊ። ከዚያ ተነስተሽ መታጠፊያው በትክክል መሆን እስከነበረበት ቦታ ድረስ በመለኪያ መሣሪያው ለኪ። መስመሩ ወደ ደቡብ ምዕራብ 220 ሜትር አካባቢ ከሸሸ በሽታው ታውቋል። አዲንዳን ነው።

የአገራችን የቆዩ ካርታዎች፣ ባለ 1:50,000 ቶፖግራፊዎቹን ጨምሮ፣ የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ) ነው። እሱ የምድርን ቅርጽ የሚወስደው ክላርክ 1880 ከሚባለው ልኬት ነው። የእጅ ጂፒኤስሽ ደግሞ ሰው ካልቀየረው በስተቀር ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ ዳተም ነው የሚሠራው። ስለዚህ አንዱ ቦታ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው። ጎንደር ላይ የደብሊውጂኤሱ የዩቲኤም (ቦታን በዲግሪ ሳይሆን በሜትር የሚገልጸው አሠራር) ቁጥር ከአዲንዳኑ ወደ ምሥራቅ 92 ሜትር፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 207 ሜትር ግድም ይበልጣል። የፋሲልን ቤተ መንግሥት ከግቢው አጥር ውጭ ለማውጣት የሚበቃ ርቀት ነው።

አንቺ ጋ የሆነው እንዲህ ይመስለኛል። ፋይሉ ሲሰጥሽ፣ በምን እንደተለካ የሚናገረው ፒአርጄ የሚባለው ትንሽ ፋይል አብሮት አልመጣም። ኪውጂአይኤስ «ይህ በምን የተለካ ነው?» ብሎ ሲጠይቅሽ የለመድሽውን ደብሊውጂኤስ 84 ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን መረጥሽ። ስህተቱ እዚያ ነው የገባው።

መፍትሔው ሁለት እርምጃ ነው፣ ቅደም ተከተሉም አይገለበጥም። መጀመሪያ ላየሩን (ኪውጂአይኤስ ላይ የከፈትሽውን የቧንቧ መስመር) በቀኝ ጠቅ አድርገሽ «ሴት ላየር ሲአርኤስ» ውስጥ ግቢና 20137 ብለሽ ጻፊ። የአዲንዳን ዩቲኤም 37 ሰሜን ቁጥር ነው። ይህ የፋይሉን ቁጥሮች አይነካም፤ በምን እንደተለኩ ብቻ ነው ለሶፍትዌሩ የሚነግረው። መስመሩ ወዲያው መንገዱ ላይ ሲገባ ታያለሽ። ከዚያ «ኤክስፖርት» ብለሽ፣ የደብሊውጂኤስ 84 ዩቲኤም 37 ሰሜን ቁጥር የሆነውን 32637ን መርጠሽ፣ በአዲስ ስም አስቀምጪ። ቁጥሮቹ የሚቀየሩት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ልጆች ሁለቱን ያምታታሉ። በመጀመሪያው እርምጃ ላይ 32637ን ይመርጡና «ቀየርኩት» ይላሉ። ምንም አልተቀየረም፤ የተለጠፈበት ስም ብቻ ነው የተሳሳተው።

በመሐል የትራንስፎርሜሽን (ከአንዱ ዳተም ወደ ሌላው የመለወጫ) ዝርዝር ከመጣልሽ ዝም ብለሽ የመጀመሪያውን አትጫኚ። አዲንዳን ሱዳንም፣ ማሊም፣ ሴኔጋልም ተሠርቶበታል። ኢትዮጵያ የሚለውን ምረጪ።

ከዚህ በኋላ ጥቂት ሜትር ልዩነት ቢቀር አትጨነቂ። የእጅ ጂፒኤስም የሳተላይት ምስልም ያንን ያህል ይስታሉ። ለማረጋገጫ የፋሲል መዋኛ ሊያጓጓሽ ይችላል፤ ከላይ ሲታይ አራት ማዕዘኑ ጥርት ያለ ነው። እኔ ግን አልመክርሽም። ዙሪያውን ያሉት ትልልቅ ዛፎች ሲግናሉን ያዛቡታል። ገላጣ የአስፋልት መገናኛ ይሻላል።

ወደ ኤክሴሉ እንምጣ። የጠፋ ነጥብ የት እንደወደቀ ካየሽ ምን እንደሆነ ይነግርሻል። ጎንደር በግምት 12.6 ሰሜን፣ 37.47 ምሥራቅ ላይ ናት። ነጥቦችሽ ከሲሲሊ ደሴት በስተ ደቡብ ምዕራብ ባሕሩ ላይ ከሆኑ ኤክስና ዋይ ተገላብጠዋል። በዲግሪ የተጻፈውን ዩቲኤም ነው ብለሽ ካስገባሽው ሁሉም ኬንያ ውስጥ፣ ኪሱሙ አካባቢ፣ አንድ ነጥብ ሆነው ይከመራሉ። ሱዳን ከሄዱ የዩቲኤም ዞኑ 37 በ36 ተተክቷል ማለት ነው። (ቋራ ሄደሽ አላጥሽ ፓርክ ውስጥ ከሠራሽ ግን 36 ትክክል ነው።) ከሁሉም የሚያታልለው ደምቢያ፣ ቆላድባ አካባቢ የሚወድቀው ነው፤ ቅርብ ስለሆነ እውነት ይመስላል። 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ የነበረውን ሰው 12.36 ብሎ ሲጽፈው የሚመጣ ነው። ደቂቃውን ለ60 አካፍዪው፤ 12.60 ይሆናል። በዩቲኤም ከሆነ ደግሞ ከተማዋ ውስጥ ኤክሱ በ33 ግድም የሚጀምር ባለ 6 አሃዝ፣ ዋዩ በ139 ግድም የሚጀምር ባለ 7 አሃዝ ነው። ከማስገባትሽ በፊት በዓይንሽ እዪው።

የሰፈሮቹን ስም በተመለከተ፣ ያየሽው በእርግጥ የጥያቄ ምልክት ነው ወይስ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል? ዝብርቅርቅ ከሆነ ፊደሉ አለ። የላየሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ፣ «ሶርስ» ላይ፣ ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ የሚነበብበትን ኮድ) ዩቲኤፍ-8 አድርጊው። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ሲቀመጥ ነው የጠፋው፤ ከዚያ ፋይል አይመለስም። ዋናውን ኤክሴል አምጥተሽ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» በሚለው እንደገና አስቀምጪ።

ለአማርኛ ሥራ ሼፕፋይል የሚባለውን የካርታ ፋይል ዓይነት እንድትተዪው ነው የምመክርሽ። የዓምድ ስም ከ10 ባይት አያልፍም፤ አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «የቦኖው ስም» ብለሽ የጻፍሽው «የቦኖ» ላይ ይቆረጣል። ጂኦፓኬጅ የሚባለው ሌላው የፋይል ዓይነት ይህ ችግር የለበትም፣ ሁሉም ነገር በአንድ ፋይል ነው፣ በቴሌግራም ስትልኪውም ግማሹ አይቀርም።

የቧንቧውን መስመር ጎትተሽ አስቀምጠሽው ከሆነ በዚያ ፋይል አትቀጥዪ። ፍላሹን መልሰሽ ሂጂና ሙሉ ፎልደሩን ከነፒአርጄው ጠይቂ። ፒአርጄው ከሌላቸው መስመሩን የሠራው ሰው በአዲንዳን ይሁን በደብሊውጂኤስ በጽሑፍ እንዲነግርሽ አድርጊ።