በአእምሮ ጤና ቀውስ ማዕከል በደኅንነት ሠራተኛነት መቀጠር፦ ለአንድ የሌሊት ጥበቃ የተሰጠ የሙያ ምክር

ውድ ጠያቂዬ፣

በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ በአንድ የቢሮ ሕንፃ ሦስት ዓመት የሌሊት ጥበቃ ሆነው እንደሠሩ፣ ከአገር ቤት የሶሺዮሎጂ ዲግሪ ይዘው እንደመጡ፣ አሁን ደግሞ በአካባቢዎ ባለ የአእምሮ ጤና ቀውስ ማዕከል በደኅንነት ሠራተኛነት ለመቀጠር እንዳሰቡ ጽፈውልኛል። ሥራው አሁን ከሚሠሩት በምን እንደሚለይ፣ ባለቤትዎ እንደሚሰጉት አደገኛ መሆን አለመሆኑን፣ ወደፊትስ የት እንደሚያደርስዎ ጠይቀዋል። መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ያመልክቱ እላለሁ። ይሁን እንጂ ሥራውን ወደ ሕክምና አገልግሎት የሚገቡበት የመጀመሪያ ደረጃ አድርገው ይውሰዱት፤ ቀጣሪውም በዚሁ ዓይን የሚያየው መሆኑን ሳያረጋግጡ አይፈርሙ።

ማዕከሉ ለምን እንደተቋቋመ መረዳት ይቀድማል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ማንኛውም ሰው ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ሌላ ከባድ የአእምሮ ጭንቀት ሲያጋጥመው በ988 መደወል ይችላል። ስልኩን የሚያነሣ ባለሙያ፣ ካስፈለገ ቤት ድረስ የሚመጣ ቡድን፣ ከዚያም ሰውየው የሚሄድበት ስፍራ አንድ ላይ ሲኖሩ አገልግሎቱ ይሟላል፤ የቀውስ ማዕከል ማለት ይህ ሦስተኛው ነው። ለእርስዎ ቅርብ በሆነው በፌርፋክስ ካውንቲ፣ ሜሪፊልድ ላይ ያለው ማዕከል ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። ወደ እንዲህ ዓይነት ስፍራ አንዳንዱ በራሱ እግር፣ አንዳንዱ ቤተሰብ ደግፎት፣ አንዳንዱም በፖሊስ ተይዞ ይመጣል። በቨርጂኒያ ሕግ በአስቸኳይ የማቆያ ትዕዛዝ የተያዘ ሰው እስከ 8 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአካባቢው የማኅበረሰብ አገልግሎት ቦርድ፣ ማለትም የአካባቢውን የሕዝብ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የተመደበ ገምጋሚ ያነጋግረዋል፤ ሆስፒታል መግባት ካለበትም ማጅስትሬት የሚባለው የፍርድ ባለሥልጣን እስከ 72 ሰዓት የሚደርስ ጊዜያዊ የማቆያ ትዕዛዝ ይሰጣል፤ አልጋም ይፈለግለታል። የእርስዎ ሥራ በአብዛኛው የሚውለው በእነዚህ የመጠባበቂያ ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ሰውየው ስልኩንና ቀበቶውን አስረክቦ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግበት ሳያውቅ፣ በማያውቀው ክፍል በሚቀመጥበት ጊዜ ማለት ነው።

አሁን በሚሠሩበት ሕንፃ የማይመለከተውን ሰው አለማስገባት ዋናው ግዴታዎ ነው። በማዕከሉ ግን በጣም የታወከው ሰው የቤቱ ባለመብት ነው። ሲገባ ዕቃው ይፈተሻል፤ የጫማ ክር፣ የሹራብ ኮፍያ ማሰሪያ፣ የስልክ ቻርጀር ገመድ፣ ላይተር፣ ኪስ ውስጥ የቀረ መድኃኒት ሁሉ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ፍተሻው እንዴት እንደሚካሄድ የቀሪውን ሌሊት ሁኔታ ይወስናል፤ እያንዳንዱን ነገር ከመንካቱ በፊት ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደሚያደርግ የሚናገር፣ የተወሰደው ዕቃ ሲወጣ እንደሚመለስ የሚያረጋግጥ ሠራተኛ ብዙ ጠብ አስቀድሞ ያስቀራል። ከዚያ በኋላ ዙረት አለ፤ በብዙ ማዕከላት በየ15 ደቂቃው እያንዳንዱ ሰው በዓይን ይታያል፤ የተኛም ሰው ቢሆን ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ሳይታይ አይታለፍም። የበር እጀታ፣ የሻወር ቧንቧ፣ ገመድ ሊታሰርበት የሚችል ማንኛውም ነገር በእርስዎ ዓይን አዲስ ትርጉም ይኖረዋል።

የሚጮህን ሰው ስለማረጋጋት በሥልጠናው በሰፊው ይማራሉ፤ ቢሆንም አሁኑኑ ሊለማመዱት የሚችሉት ነገር አለ። ፊት ለፊት ከመጋፈጥ ትንሽ ወደ ጎን ዘወር ብሎ መቆም፣ የእሱንም የራስንም መውጫ አለመዝጋት፣ እጅን በሚታይበት ቦታ ማድረግ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሠራተኛ ብቻ እንዲናገር መተው፣ አጭር ዐረፍተ ነገር ተናግሮ ዝም ብሎ መጠበቅ መሠረታዊ ናቸው። ማንም የማይሰማው ድምፅ እየሰማ ያለን ሰው ድምፁ የለም ብሎ መከራከር አይረዳም፤ እኔም እሰማዋለሁ ማለትም ውሸት ነው፤ ፍርሃቱን ግን ተቀብሎ፣ ውኃ ወይም ብርድ ልብስ ያስፈልገው እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። በአገራችን ባሕል ኀዘንተኛ ቤት ገብቶ ብዙ ሳይናገሩ አብሮ መቀመጥ የታወቀ ነውና ይህ ዓይነቱ ትዕግሥት ለእርስዎ እንግዳ አይሆንም ብዬ አምናለሁ።

አብዝቼ የምናገረው ሰውን በኃይል ስለመያዝ ነው፤ ይህን ሥራ የሚያመለክት ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ ተፈጽሟልና። እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 2023 ኢርቮ ኦቲዬኖ የተባለ የ28 ዓመት ወጣት፣ በልጅነቱ ከኬንያ የመጣ፣ በአእምሮ ሕመም ቀውስ ላይ ሳለ ሴንትራል ስቴት ወደሚባለው የክፍለ ግዛቱ የአእምሮ ሆስፒታል ተወሰደ። እጁና እግሩ ታስሮ ወለል ላይ ሳለ የሸሪፍ ፖሊሶችና የሆስፒታሉ ሠራተኞች ለበርካታ ደቂቃዎች ተጭነውት በዚያው ሕይወቱ አለፈ። የአስከሬን ምርመራው የሞቱ ምክንያት በአያያዙና በላዩ ባረፈው ክብደት የተነሣ መታፈን መሆኑን አረጋገጠ። በ10 ሰዎች ላይ ክስ ተመሥርቶ ነበር፤ ሰባቱ ፖሊሶች፣ ሦስቱ የሆስፒታሉ ሠራተኞች ነበሩ፤ የአብዛኞቹ ክስ በኋላ ተነሥቷል። የሆስፒታሉ ካሜራ የቀረጸውን ቪዲዮ የተመለከተ ሰው የሚያየው በክፍሉ ውስጥ ብዙ ሰው እንደነበረ ነው። ስለዚህ የዚህ ሥራ ከባዱ ፈተና የራስን እጅ መግታት ብቻ አይደለም፤ ባልደረባዎ በተያዘ ሰው ጀርባ ላይ ክብደቱን ሲያሳርፍ፣ አዲስ ተቀጣሪም ቢሆኑ፣ ተነሥ ብለው መናገርም ግዴታዎ ነው። ሰው በደረቱ ተደፍቶ አይያዝም፤ ጀርባና ደረት ላይ አይጫኑም፤ መያዝ የግድ ከሆነም ፊቱንና ትንፋሹን ብቻ የሚከታተል አንድ ሰው ይመደባል።

ከሕግም አንጻር ልዩነቱን ይወቁ። የሜዲኬር (የፌደራል መንግሥቱ የጤና መድን) ደንብ በሚመለከታቸው ሆስፒታሎች፣ ለራሱ ወይም ለሌላው አደገኛ የሆነን ታካሚ አስገድዶ መያዝ ወይም ማሰር በሐኪም ወይም ሥልጣን በተሰጠው ባለሙያ ትዕዛዝ የሚፈጸም ሲሆን፣ ታካሚው በ1 ሰዓት ውስጥ በሐኪም ወይም ለዚህ በሠለጠነ ባለሙያ በአካል መታየት አለበት፤ ለአዋቂ የሚሰጠው ትዕዛዝም በየ4 ሰዓቱ ካልታደሰ ያበቃል። የእጅ ካቴናና የበርበሬ ስፕሬይ ደግሞ እንደ ሕክምና እርምጃ አይቆጠሩም። በቀውስ ማዕከላት ደንቡ እንደ ፈቃዳቸው ይለያያል፤ ስለሆነም በኢንተርቪው ላይ ሰው እንዲያዝ የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ ያንን የሚወስን ነርስ በሌሊት ሺፍት መኖሯን፣ ከእያንዳንዱ ክስተት በኋላ የደኅንነት ሠራተኞች ጭምር የሚሳተፉበት ውይይት መካሄዱን በግልጽ ይጠይቁ። መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ደመወዙ ምንም ያህል ቢያምር ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

ስለ አደጋው ለባለቤትዎ እውነቱን ይንገሯቸው። በአሜሪካ በሥራ ቦታ ጥቃት ከሌሎች ይልቅ ለሚደርስባቸው ሠራተኞች ከሚጠቀሱት ውስጥ በጤና ተቋማት፣ በተለይም በአእምሮ ሕክምና ክፍል የሚሠሩት ይገኛሉ፤ መመታት፣ መነከስ፣ ምራቅ መተፋት ይደርሳል። በሌላ በኩል አብዛኛው የአእምሮ ሕመምተኛ ሰው አይጎዳም፤ ይልቁንም ራሱ የጥቃት ሰለባ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች «አማኑኤል» የሚለውን የሆስፒታል ስም እንደ ስድብ ሲወረወር እየሰማን አድገናልና ፍርሃታችን ከእውነታው ይልቅ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። አደጋውን የሚቀንሱት የሠራተኛ ብዛት፣ በልብስ ላይ የሚያዝ የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍና የተግባር ልምምድ ናቸው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ራሱን ሊገድል የሞከረን የ19 ዓመት ልጅ ሌሊቱን ሲጠብቁ አድረው ጠዋት በብቸኝነት መኪና እየነዱ ወደ ቤት መሄድዎ ነው፤ ለሠራተኞች የምክር አገልግሎት መኖሩን ይጠይቁ፤ ካለም ይጠቀሙበት።

አማርኛዎ በረከት ነው፤ ነገር ግን ወሰን ይኑረው። በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው ወገናችን ብዙ ስለሆነ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የሚያውቁት ሰው በበሩ ይገባል። በገዛ ቋንቋው እንኳን ደኅና መጣህ መባሉ ብዙ ይረዳዋል፤ የሕክምና ቃለ ምልልሱን መተርጎም ግን ብቃቱ የተረጋገጠለት አስተርጓሚ ድርሻ ነው። ሰውየውን እዚያ ማየትዎን ለባለቤትዎም ቢሆን አይናገሩም፤ የግል መረጃ ሕጉ ያስገድዳል፣ ሰውየውም ከማኅበሩ ፊት ሳያፍር እንዲመለስ ያስችለዋል። በሌላ ጊዜ መንገድ ላይ ቢያገኙት ሰላምታውን እሱ ይጀምር።

የወረቀቱ ጉዳይ ቀላል ነው። በቨርጂኒያ መሣሪያ ለማይታጠቅ ጥበቃ የሚጠየቀውን የ18 ሰዓት ሥልጠና ጨርሰው ተመዝግበዋልና በዚያ በኩል ቀዳሚ ነዎት፤ የልብ ማነቃቂያ (CPR) ሰርተፊኬት ይጨምሩበት፤ የጣት አሻራ ምርመራም ይጠብቁ። በማመልከቻዎ ላይ ካሜራ መከታተልና በር መቆለፍን አሳጥረው፣ በደብዳቤዎ የጠቀሱትን፣ በክረምት ሌሊት ግራ ተጋብቶ ሎቢ የገባውን ሰው አምቡላንስ እስኪመጣ አጠገቡ ተቀምጠው ያረጋጉበትን ታሪክ በዝርዝር ይጻፉ። ከተቻለ በኮንትራክተር ከሚቀጥርዎ ይልቅ ማዕከሉ ወይም ካውንቲው በቀጥታ የሚቀጥርዎን ይምረጡ፤ በአብዛኛው ሥልጠናውም፣ የጡረታው ጥቅማ ጥቅምም፣ ከነርሶቹ ጋር እኩል መቀመጡም በዚያ በኩል የተሻለ ነው።

ወዴት ያደርሳል ላሉት፣ ቀጣዩ እርከን የአእምሮ ጤና ቴክኒሻንነት ነው፤ ከዚያም በቨርጂኒያ የካውንስሊንግ ቦርድ የሚመዘገበው ብቁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ የሚባለው ማዕረግ አለ። ለዚህ ዲግሪዎን ከአሁኑ ያስገምግሙ፤ የሶሺዮሎጂ ትምህርትዎ በቦርዱ መስፈርት ይካተት እንደሆነም በጽሑፍ ይጠይቁ። በጥበቃነት ያሳለፉት ሰዓት ብቻውን ለማዕረጉ የሚፈለገውን በክትትል ሥር የሚሰጥ አገልግሎት አይተካም። ስለዚህ ገና በኢንተርቪው ላይ፣ ከደኅንነት ሠራተኛነት ወደ ቴክኒሻንነት የተዛወረ ሰው በማዕከሉ መኖሩንና ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ይጠይቋቸው።