መርህ ከተጣሰ ለምን ይጻፋል?

ጥያቄ፦ መንግሥታት የውጭ ፖሊሲያቸውን መርሆች ሲዘረዝሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሉዓላዊነትን ስለማክበር፣ በሌላው የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ ስላለመግባት እና አለመግባባትን በሰላም ስለመፍታት ይናገራሉ። ጥቅማቸው ሲነካ ግን ለመጣስ አያመነቱም። ታዲያ እነዚህ መርሆች ከወረቀት ያለፈ ፋይዳ አላቸው? እንድታብራሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው። ህንድና ቻይና እ.ኤ.አ. በ1954 በተፈራረሙት ስምምነት መግቢያ ላይ በሰላም አብሮ የመኖር አምስት መርሆችን አስፍረው፣ አንዱ ሌላውን ላይወርና በውስጥ ጉዳዩ ላይገባ ቃል ከተገባቡ በኋላ፣ በ1962 በሂማላያ ተራሮች ላይ ተዋግተዋል።

ይሁን እንጂ የመርህ መጣስ የመርህን ከንቱነት አያረጋግጥም። ኒካራጓ አሜሪካን በከሰሰችበት ጉዳይ፣ በዘ ሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 የሰጠው ፍርድ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። አሜሪካ ኮንትራ የተባሉትን አማፅያን ስታስታጥቅና በኒካራጓ ወደቦች አካባቢ ፈንጂ ስታስጠምድ ያቀረበችው ምክንያት የጋራ ራስን መከላከል፣ ማለትም ጥቃት የደረሰበትን ሌላ አገር አግዞ መከላከል፣ የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን ውድቅ ከማድረጉም በላይ፣ አንድ መንግሥት ደንብ የሚጥስ ተግባር ፈጽሞ ድርጊቱን በዚያው ደንብ ልዩ ሁኔታ ለማስተባበል ከሞከረ ደንቡን ያጸናዋል እንጂ አያዳክመውም የሚል ትልቅ ሐሳብ አስፍሯል። እውነት ነው፣ አሜሪካ ፍርዱን አልተቀበለችም፤ ካሳም አልከፈለችም። ነገር ግን ትንሿ አገር ኃያሉን መንግሥት በዓለም ፊት ለመርታት የበቃችው የምትጠቅሰው የታወቀ ደንብ በእጇ ስለነበረ ነው፤ በእኛ እምነት የመርሆች ዋነኛ ፋይዳም ለደካማው የሚሰጡት ይህ መከራከሪያ ነው።

መጣስና መለወጥም ሊምታቱ አይገባም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 ቻርተሩ በአባል አገሮች የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባትን ከልክሎ ነበር። ከሩዋንዳው የዘር ማጥፋት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት መቋቋሚያ ሕግ አንቀጽ 4 ግን ክልከላውን በአባል አገሮች ላይ እንዳለ ይዞ፣ በሚቀጥለው ንዑስ አንቀጽ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲያጋጥም ኅብረቱ በጉባኤው ውሳኔ ጣልቃ የመግባት መብት እንዲኖረው አድርጓል። ይህን መንግሥታቱ በግልጽ ተመካክረውና ፈርመው ያደረጉት በመሆኑ በመርህ ጥሰት አንቆጥረውም።