ለሐኪሙ የደስታውንም ወራት ንገሩት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ወንድምሽ 24 ዓመቱ ነው። ክረምቱን ሁለት ወር ሙሉ አልጋ ላይ ዋለ፤ አይበላም፣ አይናገርም። አሁን ደግሞ ሦስት ሳምንት ሆነው እንቅልፍ የለም፣ ወሬው አያልቅም፣ ልብሱን ለመንገደኛ ያድላል። እናትሽ ጠበል ይሁን ይላሉ፣ አባትሽ ሚስት ቢያገባ ይረጋጋል ይላሉ። አንቺ ሆስፒታል ልትወስጂው አስበሽ መድኃኒቱ ሱስ ይሆንበታል ብለሽ ፈርተሻል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ታካሚ ነኝ። ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ ከፍ አንዴ ወደ ድብርት ዝቅ የሚያደርገው ሕመም አለብኝ፤ መድኃኒት ከጀመርኩ ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወንድምሽን የያዘው ምን እንደሆነ የሚለየው ባለሙያ ነው። እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

የኔ ሕመም በቤተሰብ መጀመሪያ የታወቀው በድብርቱ ነው። ከመስቀል በኋላ ነበር። የስፌት መኪናው ፊት እቀመጣለሁ፣ ክሩን መርፌ ውስጥ ማስገባት ያቅተኛል። እጄ ተንቀጥቅጦ አይደለም። ለምን እንደማስገባው ይጠፋኛል። ጠዋት ጠዋት ይብስብኝ ነበር። እማየ ቡናውን አፍልታ ትጠራኛለች፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቻለሁ። ሰነፈ ያለኝ አለ፣ ዓይን በላው ያለም አለ።

ታኅሣሥ ላይ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዱኝ። ስሙ ይቅር። ገብቼ ስወጣ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ የድብርት ክኒን ተጻፈልኝ። «ከዚህ በፊት ከልክ ያለፈ ደስታ፣ ሳትተኛም የማይደክምህ ጊዜ ነበረ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም አልተናገርኩም። ለምን እናገራለሁ? እነዚያ ቀናት ለኔ የሕይወቴ ምርጥ ቀናት ነበሩ። ምርጥ ቀኑን በሽታ ነው ብሎ ለሐኪም የሚናገር ማን አለ?

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ተራ ድብርትና የባይፖላር ድብርት ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። የድብርት መድኃኒት ግን ባይፖላር ላለበት ሰው ብቻውን ሲሰጥ አንዳንዱን ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። እኔንም አስፈነጠረኝ።

ጥር ገባ። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ 11 ጃንጥላ ገዛሁ። በጥር! አንዲት ደመና በሌለበት! ጥምቀት ጥር 11 ስለሆነ ጃንጥላውም 11 መሆን አለበት ብዬ ነው። ያኔ ነገሩ ለኔ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር። ለባጃጅ ሹፌር፣ ለሊስትሮ፣ ለማላውቃት ሴትዮ ሁሉ አደልኩ። ገንዘቡ ደግሞ ደንበኞች ያስያዙት ቀብድ ነው። ሳላገኝ ያበደርኩት፣ ሳልጠይቅ የተዋስኩት ብዙ ነው፤ ዕዳውን ከፍዬ የጨረስኩት በሁለት ዓመቴ ነው። እማየ አንዷን ጃንጥላ ደብቃ አስቀርታ እስካሁን ክረምት በመጣ ቁጥር ይዛት ትወጣለች። ሳያት እስቃለሁም አፍራለሁም።

ይሄን ማኒያ ይሉታል። በሽተኛው አላመመኝም ይልሻል፣ ውሸቱንም አይደለም። ስለዚህ ወንድምሽን «ታመሃል» ብለሽ አትከራከሪው፤ አታሸንፊውም። የሚያከብረው አንድ ሰው ፈልጊ። እኔን ያሳመነኝ አጎቴ ነው። «እንቅልፍህን ብቻ ያስተካክሉልህ» አለኝ፣ ባጃጅ ላይ አብሮኝ ወጣ።

ብዙ ሰው አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ካልተሄደ ይላል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይዞ መንገድ ከመጀመር በፊት እዚሁ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። የጤና መድን ካላችሁ በቅድሚያ ጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፉ፤ ያለበለዚያ ካርድ ክፍል ላይ ትንገላታላችሁ። የሚረብሽ ወይ ራሱን የሚጎዳ ከሆነ ግን ወረቀት አትጠብቁ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

እኔ ሆስፒታል ስደርስ ባለሙያው መጀመሪያ ያናገረው እኔን አይደለም፣ እማየን ነው።

«ስንት ሰዓት ይተኛል?»

«እሱ? እንኳን ሊተኛ ጎኑንም አላሳረፈ።»

«ከዚህ በፊትስ እንዲህ ሆኖ ያውቃል?»

እማየ ትንሽ አሰበች። «አምና በፍልሰታ ሌሊቱን ሲሰፋ ያድር ነበር። አይደክመውም። እኔ እኮ በረታልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

እስክሪብቶውን ያነሳው ያኔ ነው። ሕመሜ ምን እንደሆነ ያስለየችው ያቺ «በረታልኝ» ያለቻት ቃል ናት።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጻፊ። መቼ ተኛ፣ መቼ ተነሳ፣ ስንት ቀን ቆየ፣ ምን አወጣ። ከዛሬ ሁለትና ሦስት ዓመት በፊት «አንድ ሰሞን ጎብዞ ነበር» የምትሉት ጊዜ ካለ እሱንም ጻፊ። ከዘመድ ዛር አለበት፣ ለከፈው የተባለ ሰው ካለም አትደብቁ፤ ነገሩ በቤተሰብ ውስጥ ይሄዳል። ጫት፣ አረቄ ካለም እንደዚሁ። የደም ምርመራ ቢያዙ አትገረሚ፤ የእንቅርት ዕጢ ሲታወክም ስሜትን ያናውጣል።

ስለ ሱስ የጠየቅሽውን ልመልስ። የስሜት ማረጋጊያዎቹ እንደ ጫት ወይ እንደ አረቄ አምጣ አምጣ አያሰኙም። ለእንቅልፍ የሚሰጠው ዲያዜፓም ግን ሲረዝም ልማድ ይሆናል፤ እሱን ከታዘዘው ቀን አታሳልፉ። ሌላው አደጋ በራስ ፈቃድ ማቆም ነው። እኔ ሁለት ጊዜ «ድኛለሁ» ብዬ አቁሜ ሁለት ጊዜም ተመልሼ ወድቄያለሁ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነበር።

መድኃኒቱ ጣጣ የለውም አልልሽም። ኦላንዛፒን የሚባለውን መድኃኒት በወሰድኩበት ጊዜ ረሃቡ ሌላ ነው፤ ሱሪዬን ራሴ ሦስት ጊዜ አስፍቻለሁ፣ ሙያ ባይኖረኝ ምን ይውጠኝ ነበር። አሁን ቫልፕሮኤት ላይ ነኝ፣ ጉበቴን በደም ይከታተሉልኛል። ይህን የምታነብ እህት ካለች፣ ቫልፕሮኤት ለጽንስ በጣም አደገኛ ነው፤ ልጅ ልትወልጂ የምትችይ ከሆነ ሳትጀምሪው ንገሪያቸው። ሊቲየም የሚወስድ ወዳጅም አለኝ። በፈረንጆቹ ከ1949 ጀምሮ ያለ፣ ለማኒያ ሁነኛ መድኃኒት ነው፤ ግን መጠኑ በደም ካልተለካ ይመርዛል። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ውኃ ማጣት፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻም መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። እጁ ክፉኛ ቢንቀጠቀጥ፣ አካሄዱ ቢንገዳገድ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ጠበሉን በተመለከተ፣ እናትሽን አታስቀይሚ። እኔም እጠመቃለሁ። የነፍስ አባቴን ስጠይቃቸው «ሐኪምንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ክኒንህን ዋጥ» አሉኝ። ጠበሉ ጠዋት ነው፣ የኔ መድኃኒት ማታ፤ አይጋጩም። በየቦታው እንዲህ አይሏችሁም። አንድ ቦታ መድኃኒቱን ጥላችሁ ግቡ ብለውን እማየ ክኒኖቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛ ተመልሳለች። ማሰርና መግረፍ ካለ ግን ወንድምሽን ይዘሽ ውጪ። ጾምን ለሐኪሙ ንገሩት፣ ሰዓቱን ያስተካክልላችኋል።

አንድ የማልዘለው ነገር አለ። ማኒያው ሲበርድ ድብርቱ ሊከተል ይችላል፤ ያኔ ነው መጠንቀቅ። መሞት የሚል ነገር ካነሳ «እንዲህ አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው፤ መጠየቅሽ ሐሳቡን አይሰጠውም። ብቻውን አትተዉት፣ የዚያኑ ቀን ውሰዱት። ቤት ያለውን የተባይ መድኃኒት አውጡ፣ የሱንም ክኒን አንቺ ቆልፊበት። የኔን ዛሬም የምትይዘው እማየ ናት። ሰላሳ አልፎኝ ማታ ማታ እጄን እዘረጋላታለሁ።

ሚስቱ ደግሞ ትቆይ። ሠርግ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው፣ ሰውየው ደግሞ የሚፈልገው እንቅልፍ ነው። እኔ ከተራ ለታ ታቦታቱን እስከ ፋሲለደስ መዋኛ ድረስ እሸኛለሁ። ድሮ እዚያው ሲጨፈር ነበር የማድረው። አሁን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ክኒኔን ውጬ እተኛለሁ፣ ንጋት ላይ ነጠላዬን ለብሼ እመለሳለሁ። ጓደኞቼ «አረጀህ» ይሉኛል።

ካርድ ስታወጡ ጻፊልኝ። የአዘዞን መንገድ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፣ አብሬያችሁ ብሰለፍ ደስ ይለኛል።