ሐረር፦ ስለ ክልል ምክር ቤት አባልነት ጠይቁኝ

ሰላም የሐረር ልጆች። ለምክር ቤቱ ሥራ ለብዙ ዓመት ቅርብ ነበርኩ፤ የከነከናችሁን ጠይቁ።

ጋሼ፣ የኛ ምክር ቤት ለምን ለሁለት ተከፈለ?

ሐረሪዎች በገዛ ክልላቸው ቁጥራቸው አነስተኛ ስለሆነ ነው። መቀመጫው በጠቅላላው 36 ነው። 22ቱን የክልሉ ነዋሪ በሙሉ ይመርጣል። 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባዔ ናቸው፤ ለእነሱ ድምፅ የሚሰጠው ሐረሪ ብቻ ነው፣ አዲስ አበባ ያለውም ጭምር። በ2013 ዓ.ም. ከክልሉ ውጭ ያሉት ይምረጡ አይምረጡ የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ይመርጣሉ ተብሎ ተወሰነ። ምርጫው መስከረም 20 ቀን 2014 ተካሄደ። ርዕሰ መስተዳድሩንም በእጩነት የሚያቀርበው ጉባዔው ነው።

አንድ ሰው እስከ መቼ ይመረጣል?

የሥራ ዘመኑ 5 ዓመት ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ ከመረጠው ይቀጥላል። አሜሪካ ውስጥ ፍሬድ ሪሰር የሚባሉ ሰው በዊስኮንሲን ግዛት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 2021 ተቀምጠዋል። አባታቸውም አያታቸውም ቅድመ አያታቸውም እዚያው ነበሩ!

እጅ ከማውጣት ሌላ ምን ይሠራሉ?

አቦ፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ዋናው ሥራ ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነው። የቢሮ ኃላፊ ይጠራል፣ ሪፖርቱ ይፈተሻል፣ ቦታው ድረስ ተሄዶ ይታያል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉት ሳምንታት ፋታ የላቸውም። ነባር አባል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የውሃውን ነገር ውሰዱ፤ የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከተማችን ውሃ የሚመጣላት ከድሬዳዋ በኩል ነው፣ ያን ሁሉ ዳገት ተገፍቶ፣ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይጠፋል። አዲስ አባል ኃላፊው «በሂደት ላይ ነው» ሲለው ዝም ይላል። ነባሩ ግን አምና ምን ተብሎ እንደነበር ያስታውሳል፣ «ያኔ የያዝነው ገንዘብ የት ገባ?» ብሎ ይይዘዋል። እንደኔ ጥሩ ተወካይ ማለት እሱ ነው፣ ንግግር አሳማሪው አይደለም።

ደመወዛቸውስ?

አብዛኞቹ የሚኖሩት በሌላ ሥራቸው ነው። አስተማሪም ነጋዴም አለ።

ተወካያችንን ከምርጫ ወዲህ አላየነውም፤ ምን እናድርግ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 መራጩ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። በቅድሚያ ግን የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ፣ ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጎ፣ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ያስገባ። ቅጂው ላይ ማህተም ማስመታት እንዳትረሱ።