ደብረ ብርሃን ወይስ ሸዋ ሮቢት?

ወንድሜ፣ አዲስ አበባ እየኖርክ የሚከራይ ቤት ደብረ ብርሃን ልግዛ ወይስ ሸዋ ሮቢት ብለሃል። እኔ ብሆን ደብረ ብርሃን። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቧንቧ ፈነዳ ቢሉህ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ጠዋት ሄደህ ማታ ትመለሳለህ። ዩኒቨርሲቲውም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም እዚያው ነው። ሸዋ ሮቢት ይርቅሃል።

ቪላ ግን ይቅርብህ። ተከራዩ ከወጣ ገቢህ ዜሮ ነው። አምስት ስድስት ሰርቪስ ክፍል ያለው ግቢ ከሆነ አንዱ ቢለቅ ሌሎቹ ይከፍላሉ። እኔ ደላላ አምኜ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ገዝቼ፣ ታንከር በራሴ ወጪ አስገባሁ! መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የምትገዛው ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ስለዚህ ካርታውንና ያልተከፈለ የሊዝ (የመሬት ኪራይ) ውዝፍ እንዳለበትና እንደሌለበት ራስህ ሄደህ አጣራ። ኪራይ የሚሰበስብልህ ሰው ዘመድም ቢሆን በውል ይሁን።