«ምንም አልተገኘም» ሲባል ምን ተፈልጎ ነበር?

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ከሦስት ዓመት ወዲህ ሲራመድ ይንገዳገዳል፤ ንግግሩም እየተጎተተ መጥቷል። «ጠጥቶ ነው» የሚሉ ጎረቤቶች አልጠፉም። አሁን ደግሞ የ9 ዓመቷ እህቱ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ መያዝ ጀምራለች። እኔና አባታቸው ጤነኞች ነን፤ የአጎትና የአክስት ልጆች ነን። ተበድረን የልጁን ደም ውጭ አገር አስልከን «ኤክሶም» የሚባለውን የዘረመል ምርመራ አሠራን፤ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ መጣ። እንግዲያው በዘር የመጣ አይደለም ማለት ነው? ፋርማሲ ያለ ሰው ደግሞ ቫይታሚን ኢ ስጪው ብሎኛል። (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ ቫይታሚኑን ገና አይጀምሩ፤ የደም ምርመራው ይቅደም። ምክንያቱን እንመለስበታለን።

ወንድምና እህት ታመው ወላጆች ጤነኞች፣ በዚያ ላይ ዘመዳሞች ሲሆኑ፣ ወረቀቱ ምንም ይበል ምን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሁለቱም ወላጅ የሚወረስ አታክሲያ (የእንቅስቃሴ ቅንጅትን የሚያናጋ የነርቭ ሕመም) ነው። እናትም አባትም አንድ ጉድለት ያለበትና አንድ ደህና የጂን ቅጂ ይዛችሁ ስለምትኖሩ አልታመማችሁም፤ ሁለቱም ጉድለቶች የደረሱት ልጅ ይታመማል። ዕድሉ በእያንዳንዱ እርግዝና 25 ከመቶ ነው። «ሁለቱ ታመዋል፣ የሚቀጥለው ይተርፋል» የሚባል ሒሳብ የለም። የዘመድ ጋብቻ ጉድለቱን አይፈጥረውም፤ ከአንድ አያት የወረደው ጉድለት በሁለት በኩል ዞሮ የመገናኘት ዕድሉን ያሰፋል እንጂ። የማን ወገን አመጣው የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነው፤ ከሁለቱም ነው።

ወደ ኤክሶሙ እንሂድ። ይህ ምርመራ የሚያነበው በዋናነት ፕሮቲን የሚሠራባቸውን የዘረመል ክፍሎች ነው፤ የሚያነበውም አብዛኛውን ጊዜ 150 የዲኤንኤ ፊደል ገደማ በሆኑ ቁርጥራጮች ነው። ፍሪድራይክ የተባለው የታወቀ አታክሲያ ግን የሚመጣው በክሮሞሶም 9 ላይ ባለው ኤፍኤክስኤን ጂን ውስጥ ጂኤኤ የሚሉ ሦስት ፊደላት ከልክ በላይ ሲደጋገሙ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ድግግሞሹ ከ33 እምብዛም አያልፍም፤ ሕመምተኛ ላይ ከ66 ተነሥቶ ከ1000 በላይ ይደርሳል። ቦታውም ቢሆን ኤክሶም ከሚዘለው ክፍል ነው። 3000 ፊደል የሚረዝመውን ድግግሞሽ በ150 ፊደል ቁራጭ ለመቁጠር መሞከር፣ የባቡር ሐዲድን አንድ አንድ ሜትር ፎቶ እያነሱ ርዝመቱን ለመናገር እንደመሞከር ነው፤ ፎቶዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው።

የውጤቱን የመጨረሻ ገጽ ይመልከቱ። ስለ ምርመራው ውስንነት በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ክፍል ላይ የድግግሞሽ መርዘም እንዳልታየ ብዙ ጊዜ ሰፍሮ ይገኛል። ስለዚህ ሐኪሙን «የኤፍኤክስኤን የጂኤኤ ድግግሞሽ ምርመራ» ብለው በስሙ ይጠይቁ። ፍሪድራይክ ነው ብለን አልደመደምንም፤ በብዛት የሚታወቀው በአውሮፓ፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በህንድ ወገን ነው። ሐኪሙ የልጁን ጉልበት ሲመታው እግሩ የማይነሣ፣ የውስጥ እግሩ ቅስት ከፍ ያለ፣ አከርካሪው የተጣመመ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል። እንዲህ ከሆነ የጂን ውጤት ሳይጠበቅ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ የልብ አልትራሳውንድና የደም ስኳር ይታይ፤ በዚህ በሽታ ሕይወት የሚያልፈው በአብዛኛው በልብ ነው።

አሁን ወደ ቫይታሚኑ። ፍሪድራይክን ቁርጥ የሚመስል ሌላ አታክሲያ አለ። በክሮሞሶም 8 ላይ ያለው ቲቲፒኤ ጂን ሲበላሽ ጉበት ቫይታሚን ኢን ወደ ደም መልሶ መላክ ያቅተዋል፤ የተበላው ይባክናል። በሰሜን አፍሪካ፣ በተለይ በቱኒዚያ፣ በደንብ ተጠንቷል። ይህኛው መድኃኒት አለው፦ ለአዋቂ በቀን ከ800 እስከ 1500 ሚሊግራም፣ ለልጅ በኪሎ እስከ 40 ሚሊግራም ቫይታሚን ኢ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር፣ በሐኪም ክትትል፣ ዕድሜ ልክ። የተጎዳው ነርቭ በአብዛኛው አይመለስም፤ በሽታው ግን ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ይህ ሆኖ ከተገኘ ከሁሉ በላይ የምትጠቀመው ገና የጀመራት እህቱ ናት። ሳይለካ ከተጀመረ ግን በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ብሎ ይታይና በሽታው ይደበቃል። ደሙ በባዶ ሆድ ይቀዳ፤ ቫይታሚኑ የሚጓዘው ቅባት ላይ ተሳፍሮ ስለሆነ ኮሌስትሮልም አብሮ ይለካ፤ ብርሃን ስለሚያበላሸው ቱቦው በፎይል ይጠቅለል። የሁለቱም ልጆች በአንድ ቀን ቢሠራ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ለጥናት የአታክሲያ ሕሙማንን «ሳራ» በሚባለው መለኪያ (ነጥቡ ሲበዛ ሕመሙ ብሷል ማለት ነው) እንመዝናለን። ለአንድ ሰው እኔ 13፣ ባልደረባዬ 17 ሰጠነው። የማን ይያዝ? (ከሐረር)

መልስ፦ የማናችሁም፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እስኪታወቅ። አውሮፓ ውስጥ ኤስሲኤ በሚባሉት የሚወረሱ አታክሲያዎች ላይ በተደረገ ክትትል የኤስሲኤ1 ሕሙማን በዓመት በአማካይ 2.11፣ የኤስሲኤ3 ሕሙማን 1.56፣ የኤስሲኤ6 ሕሙማን ደግሞ 0.80 ነጥብ ብቻ ነው የጨመሩት። በእናንተ መካከል ያለው 4 ነጥብ የሁለት ዓመት በሽታ ይውጣል።

መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን አራት ፈተናዎች እዩ። ለቀኝና ለግራ ለየብቻ ነጥብ ይሰጥና አማካዩ ይያዛል፤ የባሰውን ወገን ብቻ የሚጽፍ ወይም ሁለቱን የሚደምር ብዙ ነው። ጣት በማሳደድ ፈተና ላይ ከአምስቱ እንቅስቃሴዎች የመጨረሻዎቹ ሦስት አማካይ ነው የሚቆጠረው። መቆም የሚፈተነው ያለ ጫማ፣ ዓይን ተከፍቶ ነው፤ ለእያንዳንዱ አቋቋም ሦስት ሙከራ ተሰጥቶ የተሻለው ይመዘገባል። መራመድ ደግሞ እኩል በሆነ ወለል፣ በግድግዳ አጠገብ፣ መዞሪያ ያለው ይሁን፤ አንዳችሁ ኮሪደር ላይ፣ ሌላችሁ ኮብልስቶን ግቢ ውስጥ ከፈተናችሁ ከ8ቱ የመራመድ ነጥብ ሁለቱ የድንጋዩ ሊሆኑ ይችላሉ። አምስት ሕሙማንን አስፈቅዳችሁ በቪዲዮ ቅረጹና ሳትነጋገሩ ነጥብ ስጡ፤ ከዚያ ድምሩን ሳይሆን እያንዳንዱን ፈተና አስተያዩ።

ጥያቄ፦ ለዲኤንኤ ወደ አዲስ አበባ የላክነው ደም ሁለቴ «ረግቷል» ተብሎ ተመለሰ። (ከድሬዳዋ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ)

መልስ፦ ጥፋቱ መንገድ ላይ ሳይሆን አልጋው አጠገብ የሆነ ይመስለናል። በሲሪንጅ ቀስ ብሎ የተቀዳ ደም ቱቦ ሳይደርስ መርጋት ይጀምራል። ሐምራዊ ክዳን ያለውን የኢዲቲኤ ቱቦ ተጠቀሙ፤ እስከ ምልክቱ ብቻ ሙሉና ወዲያው ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ገልብጡት፤ አትነቅንቁት። አረንጓዴ ክዳን ያለው አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ሄፓሪን ፒሲአርን (ዲኤንኤ የሚባዛበትን ምርመራ) ያግዳል። በድሬ ሙቀት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መያዝ ግዴታ ነው፤ ቱቦው ግን በረዶውን አይንካ፣ በጨርቅ ይለይ። እየቀዘቀዘ የሚሟሟ ደም ዲኤንኤውን ይቆራርጠዋል፤ ረጅም ድግግሞሽ ለመለካት ደግሞ ያልተቆራረጠ ዲኤንኤ ያስፈልጋል። የሕመምተኛው መለያ ኮድም የሚጻፈው ቱቦው ላይ ነው፤ ክዳኖች ይለዋወጣሉ።